ዓፊያ ያቃናቻቸው ፊቶች

ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት ወደ ዓፊያ ዘንድ ያልሄደ ነጋዴ ካለ፣ ወይ ኮምፒውተር የለውም፣ ወይ ደግሞ ከሷ ጋር ተኳርፏል ማለት ነው። መኳረፉ ቀላል ነው። ዕቃውን አምጥቶ "ቶሎ በይልኝ" ያላት ሰው አበቃለት። ቀና ብላ ሳታየው፣ "ቶሎ የሚሠሩ እዚያ ማዶ አሉልህ፤ ሂድ እነሱ ጋ" ትለዋለች። ሰውየው እየተነጫነጨ ይሄዳል። በሳምንቱ፣ ቶሎ የተሠራለት ዕቃ ቶሎ ሲበላሽበት፣ አቀርቅሮ ይመለሳል። እሷም ትቀበለዋለች እንጂ አትመልሰውም። ባሏ ሸምሱ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ አፉ አያርፍም፤ "አንቺ እኮ ደንበኛ ሳይሆን ባላንጣ ነው የምታፈሪው" ይላታል።

ሱቋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ የሠርግ ፎቶ ታትማለች። ግድግዳው ሙሉ ሙሽራ ነው፤ ያገባም የፈታም እዚያው ተለጥፎ ይስቃል። የተወለደችው ጨፋ ሮቢት፣ ከእህል ነጋዴ ቤት ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከናቷ ጡት ጋር ስለጠባቻቸው፣ ደንበኛዋን በአንዱ ተቀብላ በሌላው ትሸኘዋለች፤ ልብ የሚለውም የለም።

ትምህርት ቤት ሳለች መምህር ማስረሻ የሚባል የኮምፒውተር አስተማሪ ነበራት። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣ፣ በዚያ በጨፋ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። ፓይተን የሚባለውን፣ ኮምፒውተርን በጽሑፍ የሚያዙበትን ቋንቋ ያስተማራት እሱ ነው። ስሙ የዘንዶ ስም ነው መባሉን የሰማው ሸምሱ እስከ ዛሬ ድረስ ለተሳፋሪው ሁሉ "የኔ ሚስት ውሎዋ ከዘንዶ ጋር ነው" እያለ ያወራል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲገባት የናቷ ሕመም አስቀራት። በዚህ ነገር ማንም ሲያዝንላት አትወድም።

መምህር ማስረሻ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁሉን ነገር በራሱ እጅ ካልሠራው የማይዋጥለት ሰው ነበር። የተማሪዎቹን መታወቂያ እንኳ ፎቶ ቤት አልላከም። አንዲት ካሜራ ኮምፒውተሩ ላይ ገጥሞ፣ ልጆቹን ኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት እያስቀመጠ፣ ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ያነሳቸው ነበር። ታዲያ ፎቶዎቹን ሲያስቀምጥ እንደ ሰው በፎቶ ፋይል አላስቀመጣቸውም። እሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ጥሬ ቁጥራቸውን ገልብጦ አስቀመጠው። ሰውየው ሞተ፣ ፕሮግራሙም አብሮት ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤቱ መጋዘኑን ሲያጸዳ፣ ዓፊያ ለመለዋወጫ ይሆኑኛል ብላ ያረጁትን ኮምፒውተሮች ወሰደች። ከአንደኛው ውስጥ በማንም እጅ የማይከፈቱ፣ ስም የሌላቸው ፋይሎች አገኘች። ዓይታ ተወቻቸው።

የተወቻቸው ግን ሸህ ቃሲም እስኪመጡ ድረስ ነው።

ሸህ ቃሲም የጨፋ ገበሬ ናቸው። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሱቁ ደጃፍ ቆሙ። አልገቡም። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሙሽሮች አንድ ጊዜ አይተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

"አሰላሙ ዓለይኩም።"

"ወዓለይኩም ሰላም አባቴ፣ አካም ጅርቱ? ይግቡ እንጂ" አለች ዓፊያ። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ መስሏታል።

"እዚሁ ይሻለኛል። የማስረሻን ኮምፒውተር የወሰድሽው ልጅ አንቺ ነሽ አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"ውስጡ ልጄ አለ" አሉ ሽማግሌው።

ወንበር አውጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ነገሩን የነገሯት መንገድ መንገዱን እያዩ ነው። አቡበከር የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። አንድ ቀን ያን የማስረሻን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ቤት ገባ። ሸህ ቃሲም ደግሞ ስዕል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብለው አጥብቀው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ስልክ እንኳ ካሜራ ያለው ከሆነ ደጃቸውን አይረግጥም። ከልጁ አንገት ላይ ፈትተው ቀደዱት። ልጁ ቁርጥራጩን ከመሬት ለቅሞ፣ በእጁ ይዞት ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ተነሳ፤ ባሕሩ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠች። የተረፈው ጓደኛው ነው መርዶውን ያመጣው።

"አብረውት የሄዱት ሌሎቹ ልጆች ፎቶ አላቸው። እናቶቻቸው ስልክ ከፍተው ያዩዋቸዋል" አሉ። "የኔ ቤት ግን ባዶ ነው። መቃብር የለ፣ ፎቶ የለ። ባለፈው ጁምዓ እናቱ ፋጡሜ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ፊቱ ጠፋኝ' አለችኝ። ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር፣ አሁን ግን አልመጣ አለኝ፣ አለችኝ። የናት ልብ እንዴት ፊት ይጠፋበታል? እኔ ነኝ ያጠፋሁባት።"

"እርስዎስ፣ ይታይዎታል?"

"አንገቱ ይታየኛል። ሲያናግሩት ዘንበል ያደርገዋል፣ የሚያዳምጥ ይመስል። ከዚያ በላይ እንጃ።"

ዓፊያ እንባዋ ቅርብ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሆዷ ባባ። "አብሽሩ አባቴ" አለቻቸው። "ካለ አወጣዋለሁ። ቶሎ በይ እንዳይሉኝ ብቻ።"

"ይኸን ሁሉ ዓመት ጠብቄ አሁን ልቸኩል?" አሉ።

እንግዲህ ፎቶ ማለት ለኮምፒውተር የቁጥር ሰልፍ ነው። ለእያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ሦስት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። መደበኛው የፎቶ ፋይል ከሰልፉ ፊት "ስፋቴ ይህን ያህል፣ ቁመቴ ይህን ያህል" የሚል ማስታወቂያ አለበት። የማስረሻ ፋይሎች ያ የላቸውም። እንደተበጠሰ ጨሌ ናቸው፤ ዶቃው አንዱም አልጎደለም፣ የቱ ረድፍ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን የሚያውቅ የለም። ስፋቱን በግምት መሞከር ነው። ዓፊያ ፓይተኗን ከፍታ፣ ከላይ ባለው ፋይል ጀምራ፣ ስፋት እየቀያየረች ቁጥሩን ወደ ፎቶ ትለውጥ ጀመር። መሃል ላይ ደንበኛ ይመጣል፤ ፎቶ ኮፒ አንስታ ትመለሳለች። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ትመለሳለች። መጀመሪያ የወጣው እንደተዘራ ጤፍ የተበታተነ ነጥብ ነው። ሰንበትበት ሲል መስመር መስመር ሆነ። በኋላ፣ ስፋቱን እያጠበበች ስትሄድ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከዝንጉርጉሩ ቀለም ውስጥ ሁለት ዓይኖች አዩዋት።

"ያ ረቢ!" ብላ ተነሳች።

ቀለሙ እንደ ቀስተ ደመና እየተቀያየረ ስላስቸገራት ጥቁርና ነጭ አደረገችው። ልጅ ነው። ቀጭን ፊት፣ ኮፍያ፣ የደንብ ልብስ። ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፣ ጥጉም ተቆርጦ ወዲያ ማዶ ዞሯል። አንድ ነገር እንደሚቀረው ገብቷታል። ቢሆንም፣ ይህ ልጅ አቡበከር ካልሆነ ሌሎቹን እከፍታለሁ ብላ ሸህ ቃሲምን አስጠራቻቸው።

አሁን ገቡ። ሙሽሮቹን አላዩም፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። ጎንበስ አሉና ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"እሱ ነው። አንገቱን አየሽው? አላልኩሽም? እሱ ነው!"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ገና አልጨረስኩትም። ይኼ መዝመሙ..."

"ተይ፣ ተይ ልጄ፣ አትንኪው። እንዲሁ ነበር።" ጢማቸው በእንባ ርሷል። "ገለቶሚ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት፣ "አላህ ልጅሽን አያሳጣሽ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ዓፊያ "ሳልጨርስ ዕቃ አላወጣም" ብላ ትጮህበት ነበር። እኒህን ሽማግሌ ግን አልቻለችም። አንጀቷን በሉት። የተቆረጠውን ጥግ ከርክማ አተመችላቸው። እሳቸውም ፎቶውን ጥምጣማቸው ውስጥ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ዓፊያ ግን ነገር አታሳድርም። ሌሎቹም ልጆች እናት አላቸው አለች። ሁሉን በአንድ ጊዜ ልለውጥ ብላ፣ ፋይሎቹን ተራ በተራ የሚያወጣ ትእዛዝ ጻፈች። ወጡላት። ስክሪኑ በፊቶች ተሞላ። ስታያቸው ክው አለች። ሁሉም ዘመዋል። ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ሻሽ ያሰረችውም ልጅ፣ ሁሉም በአንድ በኩል፣ በአንድ ልክ ዘመዋል።

ሸምሱ ያን ሰዓት ሳምቡሳ ይዞላት ገባ። "ወይ ጉድ!" አለ ስክሪኑን አይቶ። "ይኼ ክፍል በሙሉ ተቀጭቷል እንዴ? ወጌሻ አልነበራቸውም?"

"ዝም በል ሸምሱ! ዝም በል!"

ቁጣዋን የለመደ ሰው ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ሳምቡሳውን አስቀምጦ ተጠጋት።

"የሰጠኋቸው ልጅ አንገቱ ዘንበል ያለ አይደለም" አለችው። "እኔ ነኝ ያዘመምኩት። ስፋቱን ስቻለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም። የሌላ ሰው ልጅ ነው የሰጠኋቸው።"

ሸምሱ እንደሱ ባልሆነ ድምፅ፣ "ተያቸው" አላት። "ሴትዮዋ ፊት ጠፍቶባት ነበር፣ ፊት አገኘች። ተጽናንታለች። አሁን ሄደሽ ከእጇ ላይ ልትነጥቂያት ነው? ሁለተኛ መርዶ እኮ ነው።"

"የማታውቀውን ልጅ እየሳመች ትኑር?"

"ባታውቅ ምን ይጎዳታል?"

ዓፊያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ልቧን ነክቶታል። ማንም አያውቅባትም። ሽማግሌው ራሳቸው "እሱ ነው" ብለዋል። ተጽናንተዋል። ሳምቡሳውን አልነካችውም። ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት አንዱ እውነተኛው አቡበከር እንደሆነ ስታስብ ግን አላስቀመጣት አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ተቀዷል፤ አሁን ደግሞ በሱ ቦታ ሌላ ልጅ ተተክቷል። "ይኼማ አይሆንም" አለችና ወንበሯን ሳበች።

ስታሰላስል መምህሯ ትዝ አላት። ማስረሻ ቁጥር ሲደረድር ረድፉ ለአራት እኩል ካልተካፈለ አይወድም፤ የጎደለውን በባዶ ይሞላዋል። ለካ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ አንዲት ባዶ ቁጥር ሰክቶ ኖሯል! ዓፊያ ያቺን ባዶ እንደ ቀለም ስትቆጥራት፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ካለው ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ሄደ። ያዘመማቸው ይኸው መንሸራተት ነው፤ ቀለማቸውን ያዘበራረቀውም እሱው። በየረድፉ ጫፍ ያቺን ባዶ እንዲዘልላት ፓይተኗን አዘዘችው። ፊቶቹ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነው ወጡ፤ ቀዩና ሰማያዊው ቦታ ተለዋውጠው ነበር። እሱንም መለሰችው።

ተቃኑ። ኖራው ግድግዳ ነጭ ሆነ፣ የልጆቹ ፊት ጠይም፣ ልብሳቸው ሰማያዊ። ለሸህ ቃሲም የሰጠቻቸው ልጅ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ አንዳች እንከን የለም። ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ፊቶች መሃል ግን ያልተቃና አንድ ልጅ አለ። ሁሉም ሲቃኑ እሱ ወደ ሌላኛው ጎን ዘንበል አለ። ቀድሞ፣ ሁሉም ዘመው ሳለ፣ የራሱ ዘንበል ማለት የፎቶውን መዝመም ስላካካሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ያለ የሚመስለው እሱ ነበር፤ ያየውም የለም።

"ይኼውና" አለች። ሸምሱ ዓይቶ አልቀለደም። "ነገ እኔው አደርስሻለሁ" አላት።

ጠዋት የሸምሱ ባጃጅ በሸንኮራ አገዳው መሃል አልፋ ሸህ ቃሲም ደጅ አቆመቻቸው። ዓፊያ መንገዱን ሙሉ ንግግር ስታዘጋጅ መጥታ ደጁ ላይ ሁሉም ጠፋባት። ባልና ሚስቱ ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ፋጡሜ ትንሽ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ሰፈር ያዳርሳል። ማን እንደመጣች ሲሰሙ በቆሎውን ጥለው ተነሱ፤ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት፣ እጇን ሳሙ።

"ልጄን ያመጣሽልኝ! አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ! ቆይ፣ ቆይ ላሳይሽ" ብለው ገቡና፣ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሻሹን ፈቱት። ያ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው የሌላ ሰው ልጅ፣ ዓፊያ እንዳዘመመችው ሆኖ አለ። "በየጠዋቱ ደህና አደርክ እለዋለሁ። እንዲያው መጀመሪያ ሳየው እንግዳ ሆነብኝ፤ ፊቱ ጠፍቶኝ ስለነበረ ነው ብዬ ራሴን ረገምኩ። አሁን ግን ለመድኩት።"

ዓፊያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። "እማ ፋጡሜ፣ ይቀመጡልኝ" አለች። ተቀመጡ። ሳታቆራርጥ ነገረቻቸው፤ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ፣ ሥራውን ሳትጨርስ እንዳወጣችው፣ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ አቡበከር እንዳልሆነ። በቆሎ የሚፈለፍለው የሸህ ቃሲም እጅ ቆመ።

"እሷ ምን አደረገች? እሱ ነው ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ ሸህ ቃሲም ወደ መሬት እያዩ። "ልጄን ያላወቅሁ እኔ ነኝ።"

ፋጡሜ እጃቸው ላይ ያለውን ልጅ ያዩታል። "እና ይኼ የማን ነው?"

"አላወቅሁም። እፈልጋለሁ።"

"እናቱ ጋ አድርሺው። ካለ ይደግልኝ፣ ከሌለም አላህ ይዘንለት፤ ዱዓ ሳደርግለት ሰንብቻለሁ በያት።" ሳሙትና መልሰው ሰጧት። ዓፊያ አዲሱን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላቸው። እጃቸውን አልዘረጉም።

"ይኼኛውም ሌላ ቢሆንስ?" አሉ። ያ ሰፈር የሚያዳርሰው ድምፅ አሁን አይሰማም ነበር። "ዳግመኛ አልችልም ልጄ።"

"እርስዎ ይዩት፤ እኔ እሱ ነው አልልዎትም።"

ሸምሱ ባጃጁ አጠገብ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ፋጡሜ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ አንዴም ሁለቴም ጠረጉ፣ ፎቶውን ተቀበሉ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ዓፊያ ፊታቸውን ብታይ ምንም አልነበረበትም፤ ስቻለሁ፣ አሁንም ስቻለሁ ብላ ደመደመች።

በድንገት የፋጡሜ ቅንድብ ተኮማተረ።

"አንገትህን አቅና አላልኩህም!" ብለው ጮኹ። "አንተ ልጅ! ሰው ፊት ስትቆም አንገትህን አቅና አላልኩህም! ቁልፉንም፣ እዩት፣ ቁልፉንም በጥሶታል! ልስፋልህ ስለው እየሮጠ ሄዶ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተነሳው! ሰው ምን ይለኛል? እናት የለውም ወይ አይሉኝም? አቅና እንጂ! አቅና አላልኩህም..."

ቁጣው መሃል ላይ ተሰበረ። ፎቶውን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ጀመር፤ ስሙን ይጠራሉ፣ ይቆጡታል፣ መልሰው ይጠሩታል። ዓፊያም አለቀሰች፤ አላፈረችም።

ሸህ ቃሲም ከተቀመጡበት ተነሥተው ከሚስታቸው ኋላ ቆሙ። የአቡበከርን ፊት አዩ።

"ተይው ፋጡሜ" አሉ። "ተይው በቃ፣ እንዳሻው ይሁን።"

እጃቸውን ወደ ፎቶው ዘረጉ፤ ሊነኩት ግን አልደፈሩም። በሚስታቸው ትከሻ ላይ አሳልፈው እያዩት ቆሙ።